ዳድጋድና አራቱ ቅኝቶች፦ ጊታርን መድረክ ላይ እንዴት ትቃኛላችሁ?

የጦሳ ግርጌ፣ እሑድ ከቀኑ 9፡40

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ውስጥ በአንድ ሆቴል ቅዳሜ ማታ ማታ ከአንድ ማሲንቆ ተጫዋችና ከአንዲት ድምፃዊት ጋር አኮስቲክ ጊታር እጫወታለሁ። ከአንድ ዓመት ወዲህ የተለመደውን ቅኝት (ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ) ትቼ ስድስተኛውን፣ ሁለተኛውንና አንደኛውን ክር አንድ አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ በማድረግ ዲ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ኤ፣ ዲ አድርጌ እቃኘዋለሁ፤ ጊታሪስቶች ፊደሎቹን አንድ ላይ አንብበው «ዳድጋድ» የሚሉት ነው። ይህን ቅኝት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ያስተዋወቀው ብሪታኒያዊው ዴቪ ግራሃም ሲሆን፣ ሞሮኮ ሳለ ጊታሩን ከዑድ ጋር ለማስማማት ሲሞክር እንደደረሰበት ይነገራል። እኔም የገባሁበት ምክንያት ከዚያ ብዙ አይርቅም። ማሲንቆ አጠገብ ተቀምጦ ኮርድ በኮርድ ላይ መደርደር ዘፈኑን እንደ ክዳን ይጫነዋል፤ ክፍት ክሮች ግን ከሥር እየጮኹ ለማሲንቆው ቦታ ይለቁለታል።

ቤቴ ስለማመድ የሚያስቸግረኝ ነገር የለም፤ ለመቃኘት የፈለገውን ያህል ጊዜ ቢፈጅብኝ የሚጠብቀኝ ሰው የለም። መድረክ ላይ ግን አራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ ትዝታና አንቺ ሆዬ፣ በየራሳቸው መንገድ ይፈትኑኛል። ድምፃዊታችን ሁሉንም ከዲ ስለምትነሳ በዲ ላስረዳ። ባቲ (ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ) እና አምባሰል (ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት) ለዳድጋድ የተፈጠሩ ይመስላሉ፤ ክፍቶቹ ክሮች ዲ፣ ጂ እና ኤ ብቻ ስለሆኑና ሦስቱም በሁለቱም ቅኝቶች ውስጥ ስለሚገኙ፣ እጄ የትም ቢሄድ ከሥር የሚጮኸው ክር ከዜማው አይጣላም። ትዝታ ሜጀር (ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ፣ ቢ) ውስጥ ግን ጂ ስለሌለች ሦስተኛውን ክር ግማሽ ድምፅ አውርጄ ኤፍ ሻርፕ ማድረግ አለብኝ። አንቺ ሆዬ (ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ቢ) ደግሞ ኤን ጨርሶ አያውቃትም፤ አምስተኛውም ሁለተኛውም ክር ወደ ኤ ፍላት መውረድ ይኖርባቸዋል።

ከሦስት ሳምንት በፊት አምባሰል እንደጨረስን ከፊት የተቀመጡ እንግዶች አንቺ ሆዬ ጠየቁ፤ ድምፃዊቷም እሺ አለች። ጎንበስ ብዬ ሁለቱን ክሮች ማውረድ ጀመርኩ። የሆቴሉ ሰዎች ታዳሚው እንዳይሰለች ብለው በመሃል ሌላ ሙዚቃ ከፈቱ፤ የጊታሩ ራስ ላይ የሚቆነጠጠው ቱነሬ (ክሩ የትኛው ድምፅ ላይ እንዳለ የሚያሳየው መሣሪያ) የሚያነበው የእንጨቱን ንዝረት ስለሆነና ስፒከሩ ወለሉን ያናውጠው ስለነበር፣ ምልክቱ አንዴ ኤ፣ አንዴ ዲ ይለኛል። ከአንድ ደቂቃ በላይ ፈጀሁ። ስንጀምር ተቃንቶልኛል ብዬ ነበር፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስንደርስ ግን አምስተኛው ክር ከተውኩበት ወርዶ ተገኘ፣ ማሲንቆ ተጫዋቻችንም ደጋኑን ከጭራው ላይ አንስቶ ዞር ብሎ አየኝ። አንድ ቃል አልተናገረም፤ ባይናገርም ሰማሁት።

ያልተለመደ ቅኝት ይዛችሁ መድረክ የምትወጡ ሰዎች ይህን እንዴት እንደምትወጡት ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

የሐረጎ ጠመዝማዛ፣ እሑድ ከምሽቱ 1፡15

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ያን ቱነር ቤት አስቀምጠው። ጊታርህ ፒክአፕ (ድምፁን ወደ ገመድ የሚያስተላልፍ መሣሪያ) ካለው እግር ሥር የሚቀመጥ ፔዳል ቱነር ያስፈልግሃል፤ የሚያነበው በገመዱ የሚመጣውን ድምፅ ስለሆነ የወለሉ መናወጥ ብዙም አያሳስተውም፣ ስትረግጠው ደግሞ ድምፅህን ከስፒከሩ ስለሚያጠፋው ታዳሚው የመቃኘት ጣጣህን አይሰማም።

ክሩ የወረደብህ ምክንያት ሌላ ነው። ክር ሲላላ የጊታሩ ራስ ሥር ባለው ቦይ ውስጥ ይነክሳል፤ ከቦዩ ወዲያ፣ በመቃኛው በኩል ያለው ክፍል ላልቶ ሳለ ወዲህ ያለው የሚጮኸው ክፍል ተወጥሮ ይቀራል። ትንሽ እንደተጫወትክ ክሩ ከቦዩ ይላቀቅና ድምፁ ይወርዳል። ስለዚህ ከምትፈልገው ድምፅ በታች ማውረድና ከዚያ ወደ ላይ እየወጠሩ መድረስ ነው እንጂ፣ ከላይ እየወረዱ መቆም አይሆንም። ቦዩ ውስጥ የእርሳስ ዱቄት አድርግበት፤ የተማሪ እርሳስ ይበቃል።

እኔ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ሰርግ ልጫወት ሐረጎን የምወጣበት ቀን ብዙ ነው። ከ1,850 ሜትር ግድም ተነስቼ ወደ 2,500 ሜትር ግድም ስወጣ፣ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ የቃኘሁት ጊታር ደሴ ብርድ ላይ ክሮቹ ኮምተር ብለው ድምፁ ከፍ ይላል፤ ስመለስ ደግሞ ይረግባል። በተለመደው ቅኝት ስድስቱም አንድ ላይ ስለሚሄዱ ከኪቦርድ ጋር ካልሆነ ብዙም አይታወቅብኝም፤ በክፍት ቅኝት ግን ሦስት ዲ አንድ ላይ ሲጮኹ አንዱ ትንሽ ከሳተ ወዲያው ይሰማል። የኤሌክትሪክ ጊታር ብሪጅህ (ክሮቹ ከታች የሚያርፉበት ክፍል) በስፕሪንግ የሚንሳፈፍ ከሆነማ ነገሩን እርሳው፤ አንዱን ክር ስታላላ ስፕሪንጉ ብሪጁን ወደ ኋላ ይጎትተውና አምስቱ ሁሉ ከፍ ይላሉ።

የማታ ሜሎዲ፣ እሑድ ከምሽቱ 3፡05

ቅር አይበልህና፣ እኔ ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደሚያስፈልግ አልገባኝም። ፍሬት (ጊታር አንገት ላይ የተደረደረው ብረት) የተሠራው እኮ ክር ሳይነካ ሁሉም ድምፅ እንዲገኝ ነው። በየባንዱ ያሉ ጊታሪስቶች አራቱንም ቅኝቶች በተለመደው አወጣጠር ይጫወታሉ፣ ዘፋኙ ግማሽ ድምፅ ውረዱ ሲል እንኳ እጃቸውን አንድ ፍሬት ወደ ኋላ ማሳብ ነው። እራት የሚበላ ታዳሚ ክፍት ክር ይሁን የተያዘ ክር አይለይም። አንድ ደቂቃ ዝምታን ግን ይለያል።

የጦሳ ግርጌ፣ እሑድ ከምሽቱ 3፡50

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርህ እውነት ስለሆነ አልከራከርህም። ነገር ግን አንተ የምትለው ባንድ ቤዝ ጊታርም ኪቦርድም አለው። እኛ ሦስት ሰዎች ነን፤ ቤዙ የእኔ አውራ ጣት ነው። ስድስተኛው ክር ዲ ሆኖ ከሥር ካልጮኸ አምባሰሉ መሬት አይነካም፤ በተለመደው ቅኝት ዝቅተኛውን ዲ የማገኘው አራተኛው ክር ላይ ነው፣ ያ ደግሞ ማሲንቆው ያለበት ሰፈር ስለሆነ እንጋፋለን።

ክራር መቺው፣ ሰኞ ከጠዋቱ 2፡30

ልጄ፣ የጻፍከውን ሳነብ ፈገግ አልኩ። እናንተ «ቱኒንግ» የምትሉትን የክር አወጣጠር እኛ ቅኝት እንለዋለን፤ ዘፈኑ የሚመላለስባቸውን አምስት ድምፆችም ያው ቅኝት እንላቸዋለን። ሁለቱን በአንድ ስም የጠራናቸው ቃል አጥሮን ሳይሆን ክራር ላይ አንዱ ከሌላው ስለማይለይ ነው። ክራር ፍሬት የለውም፤ ባቲ አድርገህ ካልቃኘኸው ባቲ ከየትም አታመጣም። ስለዚህ አንተን ከአንድ ዓመት ወዲህ የያዘህ ጭንቀት ክራር ያነሳን ሰዎች ሁሉ ዕድሜ ልካችንን የኖርንበት ነው።

በእኛ ዘንድ ዝምታ የሚባል ነገር አልነበረም። በቀኝ እጄ ቀስ እያልኩ እነካካለሁ፣ በግራ እጄ መቃኛውን አዞራለሁ፣ በአፌ ደግሞ ከሰው ጋር እጫወታለሁ፤ አንዱን እንግዳ በስሙ ጠርቼ እንኳን ደህና መጣህ እላለሁ፣ ሁለት ስንኝ ጣል አደርጋለሁ። ሰው መቃኘቱን እንደ መግቢያ ይሰማዋል እንጂ እንደ ብልሽት አያየውም። እንዲያውም ጆሮ ያለው የወሎ ሰው ሦስተኛው ክር ላይ ስደርስ ምን እንደሚመጣ ያውቅና «እሰይ! አምባሰል!» ይላል። የእናንተ ድምፅ አጥፊ ፔዳል ይህን ደስታ የሚቀማ ይመስለኛል፤ ዘመናዩን ሥራ አላውቅበትምና እናንተ ታውቃላችሁ።

ሌላው ነገር ቅደም ተከተል ነው። ከባቲ ወደ አምባሰል ስሄድ የማወርደው ሁለት ክር ነው፤ ሦስቱ ባሉበት ይቆማሉ። ከአምባሰል ወደ አንቺ ሆዬም እንደዚሁ አንዱን አወርዳለሁ፣ አንዱን አወጣለሁ፤ በድምሩ ሁለት። ከባቲ በቀጥታ ወደ አንቺ ሆዬ ብዘል ግን የምነካው ሦስት ይሆናል። ስለዚህ የዘፈኑን ተራ የሚያወጣው የዘፋኙ ፍላጎት ብቻ ሳይሆን የክሮቹም ጎረቤትነት ነበር። የአንቺ ሆዬን ያችን የምትቆረቁር ድምፅ ደግሞ በመብራት አትቃኛት፤ ፍሬት የሚያስቀምጣትና ማሲንቆ የሚያስቀምጣት ቦታ ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ማሲንቆ ተጫዋቹ አንድ ጊዜ እንዲስብልህ ለምነውና በጆሮህ ተከተለው።

ሐይቅ ዳር፣ ሰኞ ከቀኑ 7፡20

የጋሼን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ጊታር አስተምራለሁ፤ ወደ አንተ ጥያቄ ስመለስ ትዝታህን ክር ሳትነካ ልፈታልህ እችላለሁ። በዳድጋድ የሲ ትዝታ (ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ) ብትጫወት ክፍቶቹ ሦስት ድምፆች ሁሉም በውስጡ አሉ። ሁለተኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ስድስቱንም ክር አንድ ላይ የሚጫን ማሰሪያ) አድርግበትና ሲ የነበረው ዲ ይሆናል። ድምፃዊቷ ከቦታዋ አትነቃነቅም፣ መቃኛህን አትነካም፣ ካፖ ማሰር አምስት ሰከንድ ነው። የምትከፍለው ዋጋ ስድስተኛው ክር በካፖው ምክንያት ኢ ስለሚሆን የምትወደውን ዝቅተኛ ዲ ማጣትህ ነው።

ለአንቺ ሆዬ ግን እንዲህ ዓይነት መውጫ የለም፤ ለምን እንደሌለ ማወቅ ደግሞ ደስ ይላል። አምስቱን ድምፆቿን በተርታ ብትለካቸው ርቀታቸው ግማሽ ድምፅ፣ ሁለት ሙሉ ድምፅ፣ ግማሽ ድምፅ፣ አንድ ተኩል፣ እንደገና አንድ ተኩል ነው። ከየትኛዋም ወደ የትኛዋም ብትሄድ ልክ አንድ ሙሉ ድምፅ የሚራራቁ ሁለት ድምፆች አታገኝም። የአንተ ሦስተኛና ሁለተኛ ክር፣ ጂ እና ኤ፣ የሚራራቁት ግን በትክክል በአንድ ሙሉ ድምፅ ነው። ስለዚህ ከየትኛውም ድምፅ ብትነሳ፣ ካፖውን የትም ብታስር፣ ከሁለቱ አንዱ ከቅኝቱ ውጪ ይጮኻል።

በፈረንጆቹ ዘንድ የተለመደው መፍትሔ ብዙ ጊታር መያዝ ነው። ሶኒክ ዩዝ የተባለው የኒው ዮርክ ባንድ ለየዘፈኑ የተቃኙ በርካታ ጊታሮች ይዞ ይዞር ነበር፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ዕቃው ከነመኪናው ሲሰረቅ፣ የጠፋው ዕቃ ብቻ ሳይሆን ዘፈኖቹ ጭምር ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ብዙዎቹ የሚጮኹት በዚያው ጊታር ነበርና። ካናዳዊቷ ዘፋኝ ጆኒ ሚቼል ደግሞ በልጅነቷ ፖሊዮ ግራ እጇን ስላደከመባት ከ50 በላይ የራሷ ቅኝቶች ነበሯት፤ መድረክ ላይ መቃኘት እጅግ አሰልችቷት በ1990ዎቹ አጋማሽ ሮላንድ ቪጂ-8 የሚባለውን፣ ክሩ ሳይነካ ቅኝቱን በኤሌክትሮኒክስ የሚቀይር መሣሪያ ያዘች። የሮሊንግ ስቶንስ ጊታሪስት ኪዝ ሪቻርድስ ስድስተኛውን ክር አውልቆ ጥሎ በአምስት ክር ጂ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ዲ ብሎ መጫወቱን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው፣ አንዱ «ታዲያ ክራር አደረገው ማለት ነው» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

የወልዲያዋ፣ ሰኞ ከምሽቱ 2፡10

እንደ ድምፃዊት አንድ ነገር ልጨምር። እናንተ ስለ ዲ የምታወሩት እንደ ተራራ የማይነቃነቅ ነገር አድርጋችሁ ነው። እኔ ጉንፋን ሲይዘኝ ወይም በሦስተኛው ሰዓት ጉሮሮዬ ሲደክም ግማሽ ድምፅ ውረዱልኝ እላለሁ። ክፍት ቅኝት የያዘ ጊታሪስት ያን ጊዜ ፊቱ ይለወጣል፤ ካፖ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይወስድምና። ከእኔ ጋር የሚጫወተው ልጅ ያገኘው ብልሃት ጊታሩን ከመነሻው ሁሉንም ክር ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ መቃኘትና አንደኛው ፍሬት ላይ ካፖ አስሮ መድረክ መውጣት ነው። ውረድ ስለው ካፖውን ያነሳዋል፣ አለቀ። ክሮቹ በጣም ስለላሉበት 12 ቁጥር የነበረውን ክር ወደ ወፍራሙ 13 ቀይሮታል።

የሐረጎ ጠመዝማዛ፣ ሰኞ ከምሽቱ 2፡45

እህቴ ያለችው ትክክል ነው። ስድስተኛውን ክር ከኢ ወደ ዲ ስታወርደው ውጥረቱ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይቀንሳል፤ ከዚያ በታች ሌላ ግማሽ ድምፅ ሲጨመርበት ቀጭን ክር ፍሬቱን እየነካ ይንጣጣል። ወፍራም ክር ሲገባ ግን የአንገቱን ብረት ማስተካከል ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ ለቅዳሜ አርብ ማታ አትቀይር።

ሚክሰር ጀርባ፣ ማክሰኞ ከቀኑ 5፡00

ሁላችሁም የረሳችሁት እኔን ነው። በክፍት ቅኝት የሚጫወት አኮስቲክ ጊታር ከሚክሰር ጀርባ ለተቀመጠ ሰው መከራ ነው፤ ያልታፈኑት ክሮች ከሞኒተሩ (ወደ ተጫዋቾቹ ከሚዞረው ስፒከር) የሚመጣውን ድምፅ እየሰሙ በራሳቸው ይነሱና ኡኡታ ይጀምራሉ። የብዙ ትልልቅ አኮስቲክ ጊታሮች ሆድ ከ100 ኸርዝ አካባቢ ድምፅ ጋር ይናበባል፤ ክፍት አምስተኛ ክር፣ ኤ፣ 110 ነው። ስለዚህ እባክህ ለጊታሩ ቀዳዳ የጎማ ክዳን ግዛለት፣ ሞኒተሩ ከፊትህ ሳይሆን ከጎንህ ይሁን፣ ዘፈን ሲያልቅም መዳፍህን ክሮቹ ላይ አሳርፍ። እኔም ከ100 እስከ 120 ያለውን ትንሽ እቀንስልሃለሁ። አብዛኞቹ ጊታሪስቶች ይህን የሚነግሩን ኡኡታው ከተነሳ በኋላ ነው።

የጦሳ ግርጌ፣ እሑድ ከቀኑ 8፡10

ትናንት ማታ ያላችሁኝን ሞከርኩት፤ ውጤቱን ሳልነግራችሁ ብቀር ነውር ነው።

የዘፈኖቹን ተራ ገለበጥኩት። ጊታሩን ከቤት ስወጣ ሦስተኛውን ክር ኤፍ ሻርፕ አድርጌ ትዝታ ላይ ጀመርን፤ ከዚያ ያንን አንድ ክር ብቻ ወደ ጂ ወጠርኩትና ባቲና አምባሰል ያለ ምንም መቃኘት ተከታተሉ። ማውረድን ወደ መወጠር መለወጡ ብቻ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ክሩ እስከ መጨረሻው አልነቃነቅ አለ። የካፖውን መንገድ በልምምድ ላይ አየሁት፣ ሐይቅ ዳር እንዳለው ዝቅተኛው ዲ ጎደለኝና ተውኩት።

አንቺ ሆዬን በተመለከተ የጋሼን ምክር ከፔዳሉ ጋር አዳቀልኩት። ድምፃዊቷና ማሲንቆው ብቻቸውን እንዲጀምሩ ተስማማን፤ እነሱ የመጀመሪያዎቹን ስንኞች ሲሉ እኔ ድምፄን አጥፍቼ ሁለቱን ክሮች ከሚገባው በታች አወረድኩና ወደ ላይ ወጠርኳቸው። ታዳሚው ሆን ብለን ያሳመርነው አጀማመር መሰለው፤ እንዲያውም አንድ አዛውንት «ዛሬስ በማሲንቆ ብቻ ጀመራችሁት፣ እንዲህ ነው እንጂ» አሉን። አምስተኛው ክር በቦታው ነበር። ሁለተኛውን ግን ቸኩዬ ስለነበር ትንሽ ከፍ አድርጌው ኖሮ፣ ዘፈኑን ሙሉ በጣቴ እያፈንኩት ጨረስኩ። ጋሼ፣ በማሲንቆው ይቃኝ ያሉኝን ያደረግሁት ለአንዱ ክር ብቻ ነው፤ ለሁለተኛው ጊዜ አልበቃኝም።

ሐይቅ ዳር፣ እሑድ ከቀኑ 10፡25

ሁለተኛውን ለምን ታወርደዋለህ? ኤ ሆኖ ይቆይና ሁለተኛው ፍሬት ላይ ያዘው፤ ቢ ይሆናል፣ ቢ ደግሞ ከአንቺ ሆዬ አምስት ድምፆች አንዱ ነው። አንድ ጣት ታስራለህ እንጂ የምታወርደው አምስተኛውን ብቻ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ቅኝቱን ከዳር እስከ ዳር ስለካ ይህ አለመታየቱ ያሳፍረኛል።

ክራር መቺው፣ እሑድ ከምሽቱ 12፡50

ከሁለት ወደ አንድ ክር መጣችሁ። እኔ ግን አንቺ ሆዬ ላይ አንድ ክር ብቻ ነክቼ አላውቅም፤ ለዚህስ ፍሬታችሁን አመሰግናለሁ።

የጦሳ ግርጌ፣ እሑድ ከምሽቱ 1፡30

ጊታሩን አሁን አንስቼ ሞከርኩት፤ ቢ ናት፣ ከጂው ጋር ጥሩ ትጮኻለች። የቸገረኝ ጠቋሚ ጣቴ እዚያ ታስራ ስትቀር ኢ ፍላትን አንደኛው ክር ላይ በምን እንደምይዛት ነው፤ ቦታዋ አንደኛው ፍሬት ላይ፣ ከታሰረችው ጣት ኋላ ነው። በመሃል ጣቴ ቢን ይዤ ጠቋሚዋን ነፃ ባወጣትስ ብዬ እየሞከርኩ ነው፤ እስከ ቅዳሜ ስድስት ቀን አለኝ።